በያጁ ከሳይክል ሲወርድ

በብየዳ ያድራል፤ እሁድ እሁድ በሳይክል ይወዳደራል። ሰፈሩ «ሞተሩ» ይለዋል። ክለቡ ባስደረገው ምርመራ የልቡ ግድግዳ ወፍሮ ሲገኝ ግን ሞተሩን ከውድድር አገዱት።

«በልምምድ ብዛት የመጣ ጤናማ ለውጥ ሊሆን ይችላል፤ የልብ ጡንቻ በሽታም ሊሆን ይችላል» አለችው የልብ ሐኪሟ። «ሲታዩ ይመሳሰላሉ። ሦስት ወር ልምምድ አቁም። ከልምምድ የመጣ ከሆነ ይሳሳል። በሽታ ከሆነ ግን እንዳለ ይቆያል፤ ውድድር ላይ ድንገት ሊጥልህ ይችላል።»

«እኔ አልታመምኩም።»

«እሱን ልብህ ይንገረን።»

ጥርሱን ነክሶ ቆየ። የክለቡ ልጆች በብየዳ ቤቱ በር ሲያልፉ ፊቱን ወደ ብረቱ ያዞር ነበር። ቀኑ ሲደርስ እናቱ አብራው ሄደች። ሐኪሟ መሣሪያውን ደረቱ ላይ እያንሸራተተች ስክሪኑን ደጋግማ አየች።

«አልሳሳም። አዝናለሁ፣ ውድድር ይብቃህ።»

ሸሚዙን ሳይቆልፍ ተነሳ። «አልቀበልም።»

«አንተ፣ ሥርዓት ያዝ» አለች እናቱ። ወደ ሐኪሟ ዞራም፣ «አይፍረዱበት ዶክተር፤ ማረፍ መች ያውቃል? ሥራ ሲሄድ እንኳ ዳገቱ ላይ አውቶቡስ ይቀድማል።»

ሐኪሟ ቀና አለች። «ሥራ የምትሄደው በምንድን ነው?»

«በሳይክል ነዋ። እሱማ መንገድ ነው እንጂ ልምምድ አይደለም።»

«ዕቃስ ትጭናለህ?»

«ምን አላት፣ ትንሽ ብረታ ብረት።»

ሐኪሟ ግንባሯን ያዘች። እናቱ ያመለጣት ያኔ ገባት፤ ልጇ ከሳይክል ለዘላለም ሊወርድላት ሲል በገዛ አፏ መለሰችው።

«እንደገና ሦስት ወር» አለች ሐኪሟ። «በአውቶቡስ።»

ማታውኑ ጎማዎቹን ፈትቶ እናቱ አልጋ ሥር ከተታቸው። ጠዋት ጠዋት የመሣሪያ ቦርሳውን አቅፎ አውቶቡስ ውስጥ ይቆማል፤ አውቶቡሱ ዳገቱን እያቃሰተ ሲወጣ እሱ በመስኮቱ መንገዱን በዓይኑ ይበላዋል።

«ሞተሩ፣ ነዳጅ ጨረስክ እንዴ?» አለው ሾፌሩ።

«እስክመለስ ቅደመኝ፤ ዕድሜህን ሙሉ የምታወራው ታገኛለህ።»

በቀጠሮው ቀን ግድግዳው ሳስቶ ተገኘ። «ልምምድ ነው» አለች ሐኪሟ። «ቢሆንም በየዓመቱ ትታያለህ።»

ከሐኪም ቤቱ በር ሳይርቅ የክለቡ አሰልጣኝ ጋ ደወለ።

«ቦታህን እኮ ለሌላ ሰጠሁት» አሉት።

«መልሱልኝ አላልኩም። ዳገቱ ላይ ራሴ ከእጁ እቀበለዋለሁ።»

ቤት ሲደርስ እናቱ ጎማዎቹን ከአልጋው ሥር አውጥታ አቧራቸውን በቀሚሷ ጠርዝ እየጠረገች ነበር።

«ቀስ እያልክ ሂድ» አለችው።

ቀስ ብሎ አልሄደም።