ሦስት ቁጥር ማሽን

ወንድሜ ባንድ ውስጥ ኪቦርድ ይጫወታል፤ ሰው የሚያስጨፍር ዘፈን ነው የሚሠሩት። ለብቻው የሚሠራው ሙዚቃ ግን ሌላ ነው። የፋብሪካ ማሽን ድምፅ ይቀዳል፣ በኮምፒውተር ይቆራርጠዋል፣ ከከበሮ ጋር ያጋጨዋል፣ በላዩ ላይ ይጮኽበታል። የባንዱ መሪ አንዱን መስማት ጀምሮ ሳይጨርሰው፣ «ይሄ ሙዚቃ ነው? ራስ ምታት ነው እንጂ!» አለው።

«እናቴ ሃያ ሁለት ዓመት የቻለችውን አንተ ሁለት ደቂቃ አቃተህ?» ብሎት ወጣ።

እውነቱን ነው። እናታችን ቆርቆሮ ፋብሪካ ስትሠራ የጆሮ መከላከያ እንኳ የሰጣት የለም። መስማት ሲያቅታት አለቆቿ ዓይናቸውን በጨው ታጥበው፣ «እርጅና ነው» ብለው አሰናበቷት። በአርባ ስድስት ዓመቷ! ሳስበው እስካሁን ደሜ ይፈላል።

ወንድሜ በቀደም የፋብሪካውን ዘበኛ ለምኖ ገባና የማሽኖቹን ድምፅ በስልኩ ቀዳ። እሁድ ዕለት ሥራውን ጨርሶ ሳሎን ውስጥ ለቀቀው። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፣ ጎረቤት ግድግዳ ደበደበ። እናታችን ምንም አልሰማችም፤ ግን የጠረጴዛው ብርጭቆ ሲንቀጠቀጥ አይታ ተነሣችና መዳፏን ስፒከሩ ላይ አሳረፈች። ዓይኗን ጨፈነች። ደስ ያላት መስሎን ነበር።

«ይቺማ ሦስት ቁጥር ናት!» ብላ ጮኸች። «የኔ ማሽን! ዛሬም ትንገጫገጫለች። ብሎኗን አጥብቁልኝ ብዬ ስንቴ ለምኛቸዋለሁ!»

ከዚያ መዳፏን ሳታነሣ ወንድሜን አፈጠጠችበት።

«አሁን ደግሞ የማንን ልጅ አስቀመጡባት?»