ዮሴፍ ዝም ብሎ ነበር ወይ?

ልጅ ሳለሁ ሳሊተ ምሕረት አካባቢ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከእናቴ ጋር እኖር ነበር። ያኔ መብራት መጥፋቱ ብርቅ አልነበረም። በአንዱ ዓመት የእናቴ አባት ለዓይናቸው ሕክምና ከገጠር መጥተው ተራቸው እስኪደርስ እኛ ዘንድ ሰነበቱ። ብርሃን ስለሚያማቸው ዓይናቸውን በነጭ ሻሽ ያስሩ ስለነበር ሻማ ብናበራም ባናበራም ለእሳቸው ያው ነበር፤ «እናንተ አሁን ጨለመ ትላላችሁ እንጂ እኔስ ከጠዋት ጀምሮ መሽቶብኛል» እያሉ በራሳቸው ይስቃሉ። እናቴ በረንዳው ላይ ከሰል አያይዛ ሽሮዋን ስትጥድ እኔ ከጎናቸው እሸጎጣለሁ። ጢሱ ዓይኔን ያቃጥለኛል፤ ፍሙ ሲግም ነጩ ሻሽ ቀላ ይላል፤ ተረቱም ይጀመራል።

አያቴ ግን ተረት በነጻ አይናገሩም። ሌላው ሰው «ተረቴን መልሱ» ብሎ የሚጨርሰው ለወጉ ነው፤ እሳቸው ግን የምራቸውን ነበር። ዛሬ የነገሩኝን ነገ ማታ መልሼ ካልነገርኳቸው አዲስ ተረት የለም። ስሳሳት ደግሞ «ከላይ ጀምሪ» ይሉኛል፤ ምሕረት አያውቁም ነበር።

ያኔ ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። ጠዋት ጠዋት ወደ ቦሌ የሚወስደን የተማሪ ሰርቪስ ነበረ፤ እዚያ ውስጥ ሜሮን የምትባል የሰባተኛ ክፍል ልጅ ነበረች። ለምን እኔን እንደመረጠች እስካሁን አይገባኝም። ከሾፌሩ ጀርባ ያለው የሞተሩ ክዳን ላይ ታስቀምጠኛለች፤ መገናኛ መንገዱ ተዘጋግቶ ስንቆም ክዳኑ ይግላል፤ ልነሣ ስል ክንዴን ትቆነጥጠኛለች። ሾፌሩ ሬዲዮውን ያዳምጣል፣ ሌሎቹ ልጆች በመስኮት ወደ ውጭ ያያሉ። «ብትናገሪ ውሸታም ናት ነው የምለው። ማን ያምንሻል?» ትለኛለች።

ከቁንጥጫው ይልቅ ያደከመኝ ግራ መጋባቱ ነበር። ሰንበት ትምህርት ቤት ክርስቲያን ይታገሣል፣ ክፉን በክፉ አይመልስም ተብያለሁ። እንግዲህ ዝም ማለቴ ጽድቅ ነው ወይስ ፍርሃት? ዝም ስል ውስጤ ይናደዳል፤ መናደዴም ኃጢአት ይመስለኛል። ስተኛ እግዚአብሔር ሜሮንን እንዲያሳምምልኝ እለምንና ወዲያው ደንግጬ ልመናዬን እንዳይሰማ እለምነዋለሁ። እሱም የቱን እንደሚሰማ ግራ ሳይገባው አይቀርም እል ነበር።

አንድ ማታ አያቴ የዮሴፍን ታሪክ ነገሩኝ። ወንድሞቹ ቀንተውበት ጉድጓድ ውስጥ እንደጣሉት፣ እንደሸጡት፣ እሱም በግብፅ አገር ትልቅ ሰው ሆኖ እንደማራቸው። በማግስቱ መመለሱ የእኔ ፋንታ ነበርና ጀመርኩ። ቀሚሱን ነገርኩ፣ ሕልሙን ነገርኩ፤ ጉድጓዱ ጋ ስደርስ ግን አፌ የራሱን መንገድ ሄደ።

«ከዚያ ጉድጓዱ በጣም ያቃጥል ነበር። ሊነሣ ሲል ይቆነጥጡታል። ብትናገር ማን ያምንሃል አሉት። ዮሴፍም ጥሩ ልጅ ስለሆነ ዝም አለ።»

አያቴ ከላይ ጀምሪ አላሉኝም። እጃቸውን ዘርግተው ትከሻዬን ፈልገው ያዙኝ።

«ይሄ እኔ የነገርኩሽ አይደለም» አሉ ቀስ ብለው። «ማነው እንዲህ ያለሽ፣ ልጄ?»

«እኔን አይደለም፤ ዮሴፍን ነው።»

«ዮሴፍማ ዝም አላለም! ጮኸ እንጂ። ለመናቸው፣ አለቀሰ። ስንት ዘመን ቆይቶ ወንድሞቹ ጭንቅ ሲይዛቸው እንኳ ትዝ ያላቸው ያ ልመናው ነው። እግዚአብሔር በሚጮህ ልጅ አይቆጣም። በይ ክንድሽን ወዲህ አምጪ።»

ክንዴን በጣታቸው ዳሰሱት፤ ያበጠው ቦታ ላይ ሲደርሱ ዘለልኩ። «አልማዝ! ሻማውን ይዘሽ ነይ!» ብለው እናቴን ተጣሩ። እናቴ እጅጌዬን ሰብስባ ክንዴን አየች። እኔም ሁሉንም እያለቀስኩ ተናገርኩ፤ ሽሮው አርሮ ያን ማታ ዳቦ በላን።

በማግስቱ እናቴ ሱቋን ሳትከፍት ሰርቪሱ ውስጥ ከእኔ ጋር ገባች። ትምህርት ቤት ሄዳ ተናገረች፤ የሜሮን ወላጆችም ተጠሩ። ከዚያ ወዲያ ሜሮን አልነካችኝም። ነገር ግን ያን ቀን ፊቷን በእጇ ሸፍና ስታለቅስ አይቼ አሳዘነችኝ፤ ማዘኔም አናደደኝ። ማታ አያቴን «አሁን ይቅር ልበላት?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ዮሴፍ መቼ ነው የማረው?» አሉኝ። «ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ ነው? ከወጣ፣ ካደገ በኋላ ነው እንጂ። አንቺም መጀመሪያ ውጪ። ይቅርታው ይደርሳል፤ ማን አስቸኮለሽ?»

አያቴ ዓይናቸው ተሽሏቸው ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ዛሬ በሕይወት የሉም። ሜሮንን ይቅር ብያት እንደሆነ ብትጠይቁኝ አሁንም ግራ ይገባኛል። በጸሎቴ ስሟን የማነሣበት ቀን አለ፣ ዘልዬው የማልፍበትም ቀን አለ። መታገሥ የት ላይ አልቆ መጮህ የት ላይ እንደሚጀምርም አጥርቼ አላውቅም። ያን ሰሞን ግን ያን ሁሉ ስለምነው እግዚአብሔር ዝም ያለኝ መስሎኝ ነበር፤ ለካስ ዓይናቸውን የታሰሩ ሽማግሌ ቤታችን አስቀምጦ ያዳምጠኝ ኖሯል።