የሦስት ቀን የሽንት መዝገብ

ከቤቴ እስከ መሥሪያ ቤቴ ድረስ አራት መጸዳጃ ቤቶች አሉ። የመጀመሪያው ነዳጅ ማደያው ውስጥ ነው፤ ቁልፉ ገንዘብ ተቀባይዋ ዘንድ ነው። ሁለተኛው የጥርስ ሐኪሙ ክሊኒክ ነው፤ ጥርሴን ታምሜ አላውቅም፣ ዘበኛው ግን ጥርስ የሌለኝ ሳይመስለው አይቀርም። ሦስተኛው እየተሠራ ያለ ሕንፃ ነው፤ ሲያልቅ ምን እንደሚውጠኝ እንጃ። አራተኛው የራሴው መሥሪያ ቤት ነው፤ ጠዋት ጠዋት ለባልደረቦቼ ሰላምታ የምሰጠው እየሮጥኩ ነው።

ይህን ዝርዝር ወረቀት ላይ አስፍሬው አላውቅም። ሌላውን ሁሉ ግን አሰፍራለሁ። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት መዝገብ አያያዝ ነው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ ክፍል ኃላፊ ሆኜ ኖሬያለሁ። የባለቤቴን የሞት መዝገብ የጻፍኩትም እኔው ነኝ። ሰዓቱን እስከ ደቂቃው።

እሷ ካረፈች አሥር ወር ሆነ። የተቀበረችው በኑዛዜዋ መሠረት የትውልድ ከተማዋ ነው፤ በአውቶቡስ ስድስት ሰዓት ያስኬዳል። በቀብሯ ዕለት የልጄ ባል በመኪናው ወሰደኝ፤ ሰባት ጊዜ አስቆምኩት። አስከሬኑን የያዘው መኪና እኔን አይጠብቅም። ስደርስ አፈሩን በአካፋ ጀርባ እየደለደሉት ነበር። ሰዉ፣ «ሐዘኑ አቅም ነስቶት ነው» ተባባለ። እኔም አላረምኳቸውም።

ከዚያ ወዲህ አልሄድኩም። ልጄ በየሳምንቱ ትደውላለች።

«አባዬ፣ ሐውልቱ'ኮ ካለቀ ቆየ። መቼ ነው የምትሄደው?»

«ሥራ በዝቶብኛል።»

«የሞተ ሰው መዝገብ የት ይሄድብሃል?»

እንደ ሰው ስድስት ሰዓት ተቀምጬ መሄድ እስክችል አልሄድም ብዬ ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር። ሆስፒታሉ በር ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ያየሁት በዚህ መሐል ነው። ሽንት ቶሎ ቶሎ የሚመጣባቸውና መቋጠር የሚያቅታቸው፣ ዕድሜያቸው ከሃምሳ በላይ የሆኑ ሰዎች ለአዲስ መድኃኒት ጥናት ይፈለጋሉ ይላል። አጠገቡ ያለውን የሕፃናት ክትባት ማስታወቂያ የማነብ መስዬ እስከ መጨረሻው አነበብኩት።

ጥናቱን የምታካሂደው ነርስ ክፍል ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ነው። አንድ ሚዛን፣ አንድ አልጋ፣ መለያ ያልተለጠፈበት የፋይል መሳቢያ። መሳቢያውን ሳየው እጄን በላኝ። የፈቃደኝነት ቅጹ አሥራ አንድ ገጽ ነው፤ ሁለት ጊዜ አነበብኩና ስምንተኛው ገጽ ከሰባተኛው በፊት መግባቱን ነገርኳት።

«እስካሁን አርባ ሰው ፈርሞበታል፤ ማንም አላየውም» አለች።

«አርባውም አላነበቡትማ፣ ሲስተር።»

ተሳታፊ ቁጥር አርባ አንድ ሆንኩ። ዕድሜ ልኬን ለሰው ቁጥር ስሰጥ ኖሬ ለራሴ ሲሰጠኝ ደረቴ ተነፋ።

«ከጀመረዎት ስንት ጊዜ ሆነ?»

«ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ» አልኩ። ጻፈችው።

ከዚያ አስረዳችኝ። ግማሾቻችን መድኃኒቱን፣ ግማሾቻችን መልኩ አንድ የሆነ ባዶ ክኒን እንወስዳለን፤ የማን የትኛው እንደሆነ እሷም እኔም አናውቅም። ከዚያ በፊት ግን የሦስት ቀን መዝገብ አለ። የጠጣሁትን፣ የሸናሁትን፣ ሰዓቱን፣ ቁጥር በተጻፈበት የፕላስቲክ ኩባያ የተለካውን መጠን፣ ካመለጠኝም ማምለጡን መጻፍ አለብኝ። «መግባት አለመግባትዎን የሚወስነው ይሄ ነው» አለች። ልስቅ ምንም አልቀረኝ። እኔን፣ በመዝገብ አያያዝ ልትፈትነኝ።

በሦስተኛው ቀን ቅጹ የሚያሳፍር ነበር። በሦስት ዓይነት እስክሪብቶ ተጽፏል፣ ሁለት ቦታ ረጥቧል፣ «አምልጦኛል» በሚለው ዓምድ ሥር አምስት «አዎ» ተደርድሯል። አንደኛው የቤቴ ደረጃ ላይ፣ ቁልፉን በእጄ ይዤ ነው። እንዲህ ያለ ወረቀት ወደ መስኮቴ ቢመጣ ላመጣው ሰው እመልስለት ነበር። ስለዚህ ንጹሕ ወረቀት፣ ማስመሪያና ጥቁር ቀለም አውጥቼ ገለበጥኩት። አምስቱ «አዎ» ግልባጩ ላይ «የለም» ሆኑ። የመጀመሪያውን ስጽፍ እጄ ትንሽ አመነታ፤ አምስተኛው ላይ ግን ለምዶት ነበር። ከዚያ ዋናውን ቀዳድጄ ጣልኩት።

አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ምክትሌ ሻይ የፈሰሰበትን የጋብቻ ካርድ በአዲስ ገልብጣ አሮጌውን ብትጥለው፣ «ዋናው የታለ?» ብዬ ኮሪደሩን አናግቼዋለሁ፤ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያም ሰጥቻታለሁ። እስካሁን ከኋላዬ የምጠራው በዚያ ነው። ዋናው-የታለ መጣ፣ ዋናው-የታለ ሄደ።

ነርሷ ወረቀቴን ማክሰኞ ተቀብላ ረዘም ላለ ጊዜ አየችው።

«ጋሼ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይም በማስመሪያ ነው እንዴ የሚሸኑት?»

«ጽሑፌ ንጹሕ ነው።»

«አይቻለሁ። አንድ ስርዝ እንኳ የለውም። ዋናው የታለ?»

መቅደዴን ነገርኳት።

«እኛ የምንፈልገው የሚያመልጠው ሰው ነው። በዚህ ወረቀት እርስዎ ከእኔ የተሻሉ ጤነኛ ነዎት። እንኳን ደስ ያለዎት፣ ወደ ቤትዎ መሄድ ይችላሉ።» አዲስ ቅጽ አውጥታ ሰጠችኝ። «ምዝገባው ዓርብ ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል። ሦስት ቀን አለዎት። ከእጅዎ የወጣውን እንዳለ ያምጡልኝ።»

የሥራ ቀን ስለሆነ ኩባያውን ቢሮ ይዤ መሄድ ነበረብኝ። «ልዩ ልዩ» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ሣጥን ውስጥ ደበቅኩት፤ ያንን ሣጥን ሰው ከፍቶት አያውቅም። ረቡዕ ምክትሌ ከፈተችው።

«እኔ ደግሞ ስንት ዓመት እዚህ ውስጥ ምን አለ እያልኩ አስባለሁ» አለች ኩባያውን በሁለት ጣቷ አንስታ። «ሻይ ሊያፈሉልን ነው?»

«አስቀምጪው። የሽንት ነው።»

ቀስ ብላ አስቀመጠችው። ሁሉንም ነገርኳት፤ ግልባጩንም ጭምር። ሳቋ እስኪያልቅ ጠበቅኩ።

«ማስጠንቀቂያውን ማን ይጻፍልዎት?»

«አንቺ ጻፊ። ለሌላ ሰው ግን እንዳትነግሪ።»

«ምኑን ነው የምነግረው? ሁሉም ያውቃል'ኮ። ስብሰባ ላይ በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ሁልጊዜ ባዶ የሚጠብቅዎት በኃላፊነትዎ መስሎዎት ነው?»

በኃላፊነቴ መስሎኝ ነበር።

ዓርብ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ቅጹን አስረከብኩ። ተጨማድዷል፣ ቀለሙ ፈሷል፣ አራት «አዎ» አለው።

«አንድ ማረሚያም አለኝ፣ ሲስተር። ሕመሙ የጀመረኝ ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ አይደለም። አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖኛል።»

«ታዲያ ለምን እንደዚያ አሉኝ?»

«ድሮ የሚያስቸግራት እሷን ነበራ።»

አልገባትም፤ አስረዳኋት። መንገድ በሄድን ቁጥር ባለቤቴ ፊቴን አይታ ትነሳና ሾፌሩን፣ «ወንድሜ፣ አቁምልኝ፣ ቸግሮኛል» ትለው ነበር። እኔ ሚስቱ እንዳስመረረችው ባል ግንባሬን ቋጥሬ «ልሸኛት» ብዬ እወርዳለሁ። እስክጨርስ ድረስ ጀርባዋን ሰጥታኝ ሜዳውን ታያለች። ስንመለስ ተሳፋሪውን ይቅርታ የምትጠይቀውም እሷ ናት። ከጠዋት እስከ ማታ ብትቆይ ምንም የማይላት ሴት ነበረች።

ነርሷ የቀድሞውን መልስ እንዲነበብ አድርጋ በአንድ መስመር ሰረዘችው፤ አዲሱን ጻፈች፤ ጎኑ ላይ ፈረመች። ማረሚያ የሚሠራው እንደዚያ ነው። ለሌላው ሳስተምረው የኖርኩትም ይህንኑ ነው።

ክኒኑን መዋጥ ጀመርኩ፤ ቅጹን መሙላቱም በየቀኑ ቀጠለ። መድኃኒቱ ይሁን ባዶው አላውቅም፤ መለያ የሌለው ነገር በየቀኑ መዋጥ እንደኔ ላለ ሰው ራሱን የቻለ ሕክምና ነው። በሰባተኛው ሳምንት ለልጄ ሳልነግር አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

ሁለት ሰዓት ከሄድን በኋላ መጣ። ወደ ጎኔ ዞርኩ፤ አንድ ወፍራም ነጋዴ ተኝቷል። የሚነሳልኝ ሰው የለም። ተነሳሁ።

«ልጄ፣ አቁምልኝ፣ ቸግሮኛል።»

ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝ። «እሺ አባቴ፣ ድልድዩን ልሻገርና።»

ሲቆም አሥራ አንድ ሰው ተከትሎኝ ወረደ። ነጋዴው አጠገቤ ቆሞ፣ «ዕድሜ ይስጥዎት፣ እኔ ከተነሳን ጀምሮ ነው» አለኝ። መንገዱን ሁለት ጊዜ ብቻ አስቁሜ ጨረስኩት።

ሐውልቱ ላይ በመጀመሪያ ያየሁት ቀኖቹን ነው። ልክ ናቸው። አጠገቧ ተቀመጥኩ። የምነግራትን በቅደም ተከተል አዘጋጅቼ ነበር፤ ሦስተኛው ላይ ስደርስ መጣ።

«አንድ ጊዜ ጠብቂኝ» አልኳትና ወደ ዘበኛው ቤት ሄድኩ። ተመልሼ ካቆምኩበት ቀጠልኩ።

ከመነሳቴ በፊት ቅጹን አውጥቼ ሰዓቱን ጻፍኩ። እየጻፍኩ አንድ ቦታ ላይ እንባዬ ነካው፤ ቁጥሩ ተበላሸ። አልገለበጥኩትም።