በጀልባው ውስጥ የካሳሁን ቦታ

ከባለቤቴ ከካሳሁን ጋር አብረን የሠራነው የመጨረሻው ተራ ሥራ የጣሪያውን አሸንዳ ማጽዳት ነበር። እሱ መሰላል ላይ ወጥቶ፣ እኔ ከሥር መሰላሉን ይዤ። የበሰበሰ ቅጠል አናቴ ላይ ይጥልና «ጎንበስ በይ አላልኩሽም?» ይላል። አላለኝም። በማግስቱ ሥራ ቦታ ልቡ ቆመ። ያኔ ሚያዝያ ነበር። አሁን ሐምሌ ነው፤ እኔም ዓሣ ላጠምድ እየሄድኩ ነው።

ቅዳሜ ንጋት፣ ቦንጋ መናኸሪያ

ለምን እንደምሄድ ልናገር። ቆላው ውስጥ ግድብ ያቆመው ሐይቅ አለ። ካሳሁን በየክረምቱ ከሦስት አጥማጆች ጋር በአንድ ጀልባ ይወጣ ነበር። በዚያ ጀልባ እያንዳንዱ ሰው የራሱ ቦታ አለው። ባለቦታው ከሞተ ቦታው ለቤተሰቡ ነው፤ ግን ክረምቱ ሳይጋመስ ከቤቱ አንድ ሰው መጥቶ ከቀትር እስከ ማግስቱ ንጋት ውኃ ላይ መቆየት አለበት። ካልመጣ ወይም ሳይነጋ «ወደ ዳር አውጡኝ» ካለ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ልጅ የለንም። እኔ መምህር ነኝ፤ ክረምት ዕረፍቴ ነው።

የካሳሁን ወንድም ጌታሁን ትናንት ማታ ሊያስቀረኝ መጥቶ ነበር።

«ዓመት እንኳ ሳይሞላው? ሰው ምን ይላል?»

«የሚለውን ይላል።»

«በጥቁር ልብስ ዓሣ ማጥመድ!»

«ታዲያ በቀይ ልሂድ?»

ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ።

የሚኒባሱ ረዳት የካሳሁንን የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ አየና «ማዘር፣ እንጨቱ ጣሪያ ላይ ይውጣ?» አለኝ። እንጨቱም እኔም ውስጥ ነን አልኩት። ሹፌሩ በመስታወቱ ጥቁር ልብሴን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ለቅሶ ነው እናቴ?»

«ዓሣ ማጥመድ ነው።»

ከኋላ አንዱ ሳቀና ወዲያው አፉን ያዘ። «ሳቅ፣ ግድ የለም» አልኩት። ሦስት ወር ሙሉ ሰው ፊቴ ሳይስቅ ነው የከረመው። ሰልችቶኛል።

ረፋድ፣ ቁልቁለቱ

ጫካው ጭጋግ ውስጥ ነው። መንገድ ዳር ኮረሪማ በክር የሰኩ ሴቶች፣ ማር በባልዲ፣ የተቀቀለ በቆሎ፤ የበቆሎው ዋጋ ከአምናው እጥፍ ሆኗል። አንድ መታጠፊያ ላይ ጎማው ጭቃ ውስጥ ገባ። ረዳቱ «ወንዶች ውረዱ!» ሲል እኔም ወረድኩና ገፋሁ። ጫማዬ እዚያው ቀልጦ ሊቀር ምንም አልቀረው። ከዚያ ወዲያ ሙቀቱ እየጨመረ፣ ጫካው እየሳሳ ሄደ። የመጨረሻውን መንገድ በሞተር ሳይክል ወረድኩ፤ ዘንጉ እንደ አንቴና ከኋላዬ ቆሞ።

እኩለ ቀን፣ ሐይቁ ዳር

ውኃው በክረምቱ ጎርፍ ደፍርሷል። የሰመጡ ዛፎች ደረቅ ጫፋቸው ከውኃው ወጥቶ ይታያል። የጀልባው አለቃ ጋሽ አየለና ሁለቱ ወንድማማቾች መረብ ይጠግናሉ። አጠገባቸው አዲስ ቦቲ የተጫማ ሰው ቆሟል። ታምሩ ይባላል፤ ባለሱቅ ነው። የካሳሁንን ቦታ የሚፈልገው እሱ ነው።

«እትዬ ጥሩወርቅ፣ እግዚአብሔር ያጥናዎት» አሉ ጋሽ አየለ።

«ጠንቼ ነው የመጣሁት። የካሳሁን ቦታ የቱ ነው?»

አንገታቸውን አከኩ። «ሴት በዚህ ጀልባ ገብታ አታውቅም።»

«ደንባችሁ ከቤቱ አንድ ሰው ነው የሚለው። እኔ የማን ቤት ሰው ነኝ?»

ታናሽየው ወንድም በካፊኖኖ ቋንቋ አንድ ነገር ብሎ በሳቅ ፈነዳ። ጋሽ አየለም ሳይወዱ ሳቁ። ምን አለ ስላቸው «‹ጋሽ ካሳሁን ቤት አዛዡ ማን እንደነበር አሁን ገባኝ› ነው የሚለው» አሉኝ።

ታምሩ ግን አልሳቀም። «ሲጨልም ታለቅሳለች፣ ያኔ እናወጣታለን» አለ። በእንግድነት አብሮን ገባ፤ ቦታውን እስክለቅ ሊጠብቅ።

«ማልቀሱን ጀልባ ላይም እችላለሁ» አልኩት።

ከሰዓት፣ ውኃው ላይ

የካሳሁን ቦታ መጨረሻ ላይ ነው፣ ጀልባው የሚያፈስበት። የቦታው ሥራ በተቆረጠ ጀሪካን ውኃ ቀድቶ መድፋት ነው! ባሌ ስንት ክረምት ቤት እየመጣ ስለ ዓሣ ብቻ ሲያወራኝ፣ ውኃ ሲቀዳ እንደሚውል አንድ ቀን ትንፍሽ አላለም። ተናደድኩበት። ከሞተ ወዲህ ስናደድበት የመጀመሪያዬ ነው፤ ደስ አለኝ።

በመሐል ዘንጉን እጥላለሁ። በሰመጡት ዛፎች መካከል ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ በትል ይያዛል። ሦስት ያዝኩ። የአንዱ የጀርባ እሾህ መዳፌን ወጋኝ። ታላቅየው ወንድም እሾሁን ወደ ኋላ አስተኝቶ እንዴት እንደሚያዝ አሳየኝ።

ሌሊት

ትልቁ ዓሣ፣ አምባዛ፣ የሚወጣው በጨለማ ነው። መንጠቆ የተደረደረበትን ረጅም ገመድ ዘረጋን። ከዚያ ዝናቡ መጣ፤ ነፋሱም ተከተለ። ጀልባው ይነሣል፣ ይወድቃል። እኔ እቀዳለሁ።

«እትዬ፣ እንውጣ?» ጋሽ አየለ ናቸው።

«አልወጣም።»

አለቀስኩ። ዝናብ ቢሆንም አልደበቅሁትም፤ ጮክ ብዬ እያለቀስኩ ቀዳሁ። ማንም ዝም በይ አላለኝም። ለቅሶ ቤት ውስጥ እንኳ እንዲህ አልተተውኩም ነበር።

ከፊት «ጋሽ አየለ፣ ስለ እመቤቴ፣ ወደ ዳር አውጡኝ!» የሚል ጩኸት ተሰማ። ታናሽየው ባትሪውን አበራ። ታምሩ የጀልባውን ጠርዝ አቅፎ ያስመልሰዋል።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ጀልባው ዳር ከደረሰ እኔም ልወርድ እችላለሁ ብለው ያሰቡ መሰለኝ።

«እሱን አድርሱት። እኔ ከዚህ አልነሣም» አልኩ።

አደረሱት። በአዲሱ ቦቲ ጭቃው ላይ ዘለለ። ጀልባው ተመልሶ ሲገባ ጀሪካኑ እጄ ላይ ነበር።

እሑድ ጠዋት

ዝናቡ ቆመ። ገመዱን ስንስብ ክንዴን የሚያህሉ አምባዛዎች ወጡ። እጄ ቆስሏል፣ ወገቤ አልቃና ብሏል። ጋሽ አየለ አላመሰገኑኝም፣ አላሞገሱኝም። ጀልባውን ሲያስሩ «የሚመጣው ቅዳሜ ደህና ጀሪካን ይዘው ይምጡ፤ ይሄኛው ተሰንጥቋል» ብቻ አሉኝ።

አሁን መስከረም ነው፤ ትምህርት ተከፍቷል። ከሰኞ እስከ ዓርብ አስተምራለሁ። ቅዳሜ ወደ ሐይቁ እወርዳለሁ፤ ቦታዬ ላይ ተቀምጬ ውኃ እቀዳለሁ፣ ዓሣ አጠምዳለሁ።