የሳሙና ውሃ በእኔ ቤት

ከአንዋር መስጊድ ጀርባ ባለው ግቢያችን ስምንት ቤት ግድግዳ ተጋርተን እንኖራለን፤ የአንዱ ቤት እሳት የሁላችንም እሳት ነው። ስለዚህ ጋዝ የሚያፈስ ሲሊንደር ጎማው እስኪቀየር ደጅ ወጥቶ ይቀመጥ ብለን ተስማማን። ተቆጣጣሪውም እኔ ሆንኩ። በየወሩ የሳሙና ውሃ በጣሳ ይዤ በየቤቱ እዞራለሁ፤ ጎማው ላይ ስቀባው አረፋ ካወጣ ልመና አልሰማም። አንድ ቀን እትዬ የምንላቸው ጎረቤቴ ድስት ጥደው፣ "ወጡ እስኪበስል እንኳ ታገሠኝ" እያሉኝ ሲሊንደሩን አስወጣሁባቸው።

በሚቀጥለው ወር ዙሬን ጨርሼ ጣሳዬን ልደፋ ስል፣ እትዬ በራቸው ላይ ቆመው፣ "ያንተንስ ማን አየልህ?" አሉኝ።

ደሜ ፈላ። "የኔ ምን ይሆናል! ይምጡና ራስዎ ይዩት!" አልኳቸው።

ገቡ፤ ጎማዬን በሳሙናው ቀቡት። አረፋው ቡልቅ ቡልቅ ይል ጀመር። እኔም ሲሊንደሬን ተሸክሜ ደጅ አወጣሁ።

መርካቶን ጎማ ፍለጋ ስዞር አርፍጄ ስመለስ፣ እትዬ ምሳ በሳህን ከድነው ጠበቁኝ። ወጡ በደንብ በስሏል።