በቀይ ያሰመርኩበት ሃያ ስምንት

በጉዳዩ ውስጥ የነበርነው አምስት ሰዎች ነን። አንደኛ አማቴ፤ ከላስታ ተራራ መጥተው ካዛንቺስ እኛ ቤት አሥራ አንድ ዓመት የኖሩ። ሁለተኛ ባለቤቴ፣ የእሳቸው የመጨረሻ ልጅ። ሦስተኛ ልጃችን፤ ያኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበረች። አራተኛ ከቤታችን ፊት ለፊት ሱቅ የነበረው የስልጤ ሰው፤ ወንድሙ አንዲት አሮጌ ፒክአፕ ነበረችው፣ አብዛኛውን ጊዜ ቡልጋሪያ ሰፈር ጋራዥ ውስጥ ትውላለች። አምስተኛው እኔ ነኝ። እቅዱን ያወጣሁት እኔ ነኝ።

እኔ ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። ከዚያ ወዲህ ያወቅሁትን ሁሉ ያወቅሁት አሮጌ መጻሕፍት እየገዛሁ ነው። በራሱ የተማረ ሰው አንድ ችግር አለበት፤ የሚያርመው አስተማሪ ስላልነበረው መታረም አይለምድም። ይህን ያኔ አላውቀውም ነበር። ግድግዳችን ላይ ቀን መቁጠሪያ እንዲሰቀልም አልፈቅድም ነበር፤ ቀን መቁጠሪያ ለማያስታውስ ሰው ነው ብዬ አምን ነበርና።

የአማቴ አገር ከወልድያ በላይ ያለ ተራራ ነው። አናቱ ላይ ከድንጋይ የተፈለፈለ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አለ። በገና ዋዜማ ምሽት ከየቤቱ አንድ አንድ ፋኖስ ይወጣል። ፋኖሱን የያዘው ሰው ቅጥር ግቢው በር ላይ ሲደርስ ቄሰ ገበዙ የቤቱን የጥንት አባት ስም ጠርተው «የእገሌ ቤት?» ይላሉ። የያዘው ሰው «አለን» ይላል። በቃ ይኸው ነው። ነገር ግን ተጠርቶ «አለን» የሚል የጠፋበት ቤት በሚቀጥለው ዓመት አይጠራም። ያ ቤት አለቀ ማለት ነው።

ለአማቴ ቤት «አለን» ብለው ይመልሱ የነበሩት ወንድማቸው ናቸው። እሳቸው በዚያ ክረምት አረፉ። ልጅ አልነበራቸውም። አማቴ ለቅሶው ካለፈ በኋላ እንዲህ አሉኝ፦ «ዘንድሮ ካልሄድኩ ቤታችን አይጠራም። ታደርሰኛለህ ወይስ ሌላ ሰው ልፈልግ?»

«አደርስዎታለሁ» አልኩ። ደብተር ገዛሁ።

ከመስከረም ጀምሮ በየሁለት እሁዱ ከቅዳሴ መልስ ሳሎን ውስጥ ስብሰባ ተቀመጥን። የአዲስ አበባ ሰው መንገድ የሚጀምረው ሻንጣ ፍለጋ በመሮጥ እንደሆነ፣ ያላቀደ ሰው በሌላ ሰው ትከሻ እንደሚጓዝ ነገርኳቸው። ታህሳስ ሃያ ሰባት ማለዳ በአውቶቡስ እንነሳለን፤ ደሴ እናድራለን፤ ሃያ ስምንት ከሰዓት በኋላ እንደርሳለን፤ ማታ ፋኖሱ ይወጣል። ሃያ ስምንትን በቀይ አሰመርኩባት። ለአማቴ ግን ቁጥሩን አልነገርኳቸውም፤ «ዋዜማው ዕለት ከሰዓት እንደርሳለን» ነው ያልኳቸው። እሳቸው ቀን የሚቆጥሩት በጾምና በታቦት ስለሆነ ቁጥር አያስፈልጋቸውም ብዬ ነው።

ስብሰባው ደንብ ነበረው፤ ጥያቄ በመጨረሻ ነው።

ቲኬቱን ቀድሜ ቆረጥኩ፤ አራት ሰው። ታህሳስ ሃያ ስድስት ጠዋት የቀረኝ ፋኖሱን ላምባ መሙላት ብቻ ነበር። ፋኖሱን ይዤ ባለሱቁ ጋ ተሻገርኩ።

«ጋሼ፣ መንገዱ ደረሰ አይደል?» አለኝ ላምባውን እየቀዳ።

«ነገ ማለዳ። ሃያ ስምንት ለዋዜማው እንደርሳለን።»

«የምኑ ዋዜማ?»

«የገና ነዋ።»

መቅዳቱን አቆመ። «ገና እኮ ዘንድሮ በሃያ ስምንት ነው።»

«አንተ ሙስሊም ነህ» አልኩት።

«አልሐምዱሊላህ። ግን ሽንኩርቱንና እንቁላሉን ለሰፈሩ የማመጣው እኔ ነኝ። ጳጉሜን ስድስት ከሆነች በኋላ የሚመጣው ገና አንድ ቀን ይቀድማል። አንድ ዓመት ተሳስቼ ሰባ ኪሎ ሽንኩርት ታቅፌ ቀርቻለሁ። እስከ ጥምቀት እሱን ነው የበላነው።»

ዘንድሮ ዘመነ ዮሐንስ ነው። አምና ጳጉሜን ስድስት ነበረች። ጳጉሜን በአራት ዓመት አንዴ ለምን ስድስት እንደምትሆን ለልጄ ሁለት ጊዜ፣ ለመሥሪያ ቤቴ ዘበኛ አንድ ጊዜ አስረድቻለሁ። ምክንያቱን አውቃለሁ። ገና ላይ ምን እንደሚያደርግ ግን አላሰብኩበትም።

ፋኖሱ በግማሽ ላምባ እንደተሞላ ይዤው ወደ ቤት ተመለስኩ። ሃያ ሜትር አይሞላም፤ ያን ቀን ረዘመብኝ። ውሸት መፈለግ ጀምሬ ነበር፤ አውቶቡሱ ተሰረዘ ልበል፣ መንገዱ ተዘጋ ልበል አልኩ። ይህን የምጽፈው ልጆቻቸውን ስለ ውሸት የሚገሥጹ አባቶች እንዲያውቁት ነው። ደግነቱ ቤቱ ቅርብ ስለሆነ ውሸቱ ሳይበስል ደረስኩ።

ሦስቱም ሳሎን ነበሩ። «ቀኑን ተሳስቻለሁ» አልኩ። «ዋዜማው ነገ ማታ ነው። በአውቶቡስ የምንደርሰው ፋኖሱ ከወጣ በኋላ ነው።»

ባለቤቴ፣ «ሁለተኛው ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ ነበር» አለች።

«ምን አልኩሽ?»

«ጥያቄ በመጨረሻ አልከኝ። መጨረሻው ላይ ምሳ ደረሰ።»

«ከዚያ በኋላስ?»

«ከዚያ በኋላ በቀይ አሰመርክበት። የተጣራ መሰለኝ።»

ልጄ፣ «አባዬ፣ ይሄ ያ የጳጉሜን ነገር ነው?» አለች። እሱ ነው አልኳት።

አማቴ ነጠላቸውን አጣፍተው ለብሰው፣ የሚሄድ ሰው ሆነው ተቀምጠው ነበር። ጉዞው ነገ ነው፤ እሳቸው ግን ከዛሬ ጀምሮ ነው የለበሱት። ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። «በአውቶቡስ አይደረስም» አሉ። «በምን ይደረሳል?»

በሦስት ወር ስብሰባ እንዲህ ያለ ጥያቄ ማንም አልጠየቀም ነበር።

ተመልሼ ተሻገርኩ። ባለሱቁ ነገሩን ሰምቶ ልጁን ሱቁ ላይ አስቀምጦ ወደ ቡልጋሪያ ሄደ። ፒክአፗ ዕድል ሆኖ ጎማዎቿ ሁሉ በቦታቸው ነበሩ። ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ በራችን ላይ ቆመች። ማታ ኮምቦልቻ ታድራለች፤ በማግስቱ ከሰዓት ላስታ ትደርሳለች። ችግሩ ከሾፌሩ ሌላ ሁለት ሰው ብቻ ነው የምትይዘው፤ ኋላዋ ደግሞ ክፍት ነው፣ ብርዱ አያስቀምጥም።

«እኔ ይዣቸው ልሂድ» አልኩ።

«አይሆንም» አሉ አማቴ። «ልጅቷ ትምጣ። ከኔ በኋላ ማን ነው የሚመልሰው? አንተ እዚህ ሁን። ቀን የሚጠይቅ ሰው ቢመጣ ንገረው።»

ልጄ ስትስቅ አየኋት። አልገሠጽኳትም።

ሾፌሩ የባለሱቁ ወንድም ነበር። በሰላም እንዲደርሱ እሱም በበኩሉ ቢስሚላህ ብሎ ነው የተነሳው። እኔና ባለቤቴ የገናን ምሳ ሁለታችን ብቻ በላን። ስብሰባ አልተቀመጥንም። እሷ ተናገረች፣ እኔ ሰማሁ። ብዙ የሚሰማ ነገር ነበር።

በገና ማግስት ተመለሱ። የሆነውን የነገረችን ልጃችን ናት። ፋኖሶቹ ከታች ጀምረው በጠባቧ መንገድ እየተጠማዘዙ ሲወጡ እሷና አያቷ መጨረሻ አካባቢ ነበሩ። በሩ ጋ ሲደርሱ ቄሰ ገበዙ የቤታቸውን ስም ጠሩ። አማቴ በዳገቱና በብርዱ ትንፋሻቸው አጥሮ አፋቸውን ቢከፍቱም ድምፅ አልወጣም። ቄሰ ገበዙ ሁለተኛ ጠሩ። በዚህ ጊዜ ልጄ ፋኖሱን ከአያቷ እጅ ተቀብላ «አለን» አለች።

«ይህቺ ደግሞ የማን ናት?» አሉ ቄሰ ገበዙ።

«የኛው ናት» አሉ አማቴ ትንፋሻቸው ሲመለስ። «ከካዛንቺስ ናት የመጣችው።»

ቄሰ ገበዙም «እለፉ» አሏቸው።

ማታውን ደብተሩን አወጣሁ፤ በዚያ እቅድ ውስጥ ትክክል ሆኖ የሚቀር አንድ ገጽ እንዲኖር ፈልጌ ነው። ባለሱቁ ትርፍ አልጠየቀም፣ ቅናሽም አላደረገም። ከአማቴ መቀነት፣ ከባለቤቴ ዕቁብ፣ ልጄ ለጫማ ካጠራቀመችውና ከኔ ደሞዝ የወጣው ሁሉ ይኸው ነው፦ መኪናው ከነናፍጣው ሁለት ሺህ ሁለት መቶ፣ ማንም ያልሄደበት የአውቶቡስ ቲኬት ሁለት መቶ አርባ ስምንት፣ ፋኖሱና ላምባው አርባ ሁለት። ድምሩ ሁለት ሺህ አራት መቶ ዘጠና ብር።