ዚክራና የሱሁር መርፌ

ኢስሐቅ ሚስቱን ዚክራን መጀመሪያ የመታት በረመዳን፣ ወደ ማምሻው ከዐስር ሶላት በኋላ ነው። የበሩን መወርወሪያ ነቅሎ ትከሻዋ ላይ ሲያሳርፍ የደሴ ሸዋበር ሰፈር ጎረቤት ዓይኑን ማመን አቃተው። ኢስሐቅ እኮ ደንበኛ ዋጋ ሲከራከረው ራሱ የሚያፍር ጨርቅ ነጋዴ ነበር። በዘጠኝ ዓመት ትዳር ድምፁን ከፍ አድርጎባት አያውቅም። ካፈጠረ በኋላ ትከሻዋን አይቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ ያደረገውን ግን አንዱንም አያስታውስም። በዓመቱ፣ ደግሞ በረመዳን፣ ደግሞ በዚያው ሰዓት፣ የፊት ጥርሷን አወለቀው።

ዘመድ ተሰብስቦ ጂን ነው ብሎ ፈረደ። በረመዳን ሸይጧን ይታሰራል ሲሉ ከኖሩት ሰዎች መሀል፣ የኢስሐቅ ብቻ እንዴት ሳይታሰር እንደቀረ የጠየቀ አልነበረም። አክስቶቹ ዚክራን "ቻይው" አሏት። መቻልን ለሌላ ሰው ማዘዝ መቼም ቀላል ነው።

ዚክራ ጥርሷን በመሀረብ ቋጥራ ሐኪም ቤት ሄደች። ደሴ ውስጥ ዶክተር ስማቸው የሚባል የውስጥ ደዌ ሐኪም አንድ አነስተኛ ክሊኒክ አለው፤ የኢስሐቅን የስኳር በሽታ ለዓመታት የሚከታተለው እሱ ነው። አጠገቡ ሲስተር አትጠገብ ትቀመጣለች። ሥራዋ ምግብ ነው። መድኃኒት የታዘዘለት ሁሉ በሷ በኩል ሳያልፍ አይወጣም፤ ትናንት ምን በላህ፣ በስንት ሰዓት፣ በየትኛው ሳህን እያለች ታደርቀዋለች።

"መርፌውን መቼ ነው የሚወጋው?" አለቻት ሲስተር አትጠገብ።

"በረመዳን በሱሁር፣ ሊነጋ ሲል ስንበላ ነው።"

"የማታውንስ?"

"እሱንም በሱሁር። ጀንበር ሳትጠልቅ መርፌ ከተወጋ ፆሙ የሚፈርስ ይመስለዋል። ካፈጠረ በኋላ ደግሞ የተራዊህ ሶላት አለ፣ እንግዳ አለ፣ ይረሳል። ስለዚህ ሁለቱንም አንድ ላይ ይወጋና ይገላገላል።"

ሲስተር እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። የሁለት ጊዜ ኢንሱሊን በአንድ ጊዜ ወግቶ ቀኑን ሙሉ ሳይበላ የሚውል ሰው ደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ከሰዓት በኋላ ተሟጦ ያልቃል አለቻት። "አንጎሉ ይራባል። መጀመሪያ ያልበዋል፣ ቀጥሎ ይማታል። መማታቱን ሲያቆም ተሻለው እንዳትይ። ከዚያ ወዲያ ይወድቃል፣ ከወደቀም ላይነሳ ይችላል።"

ዶክተሩ ኢስሐቅን አስጠርቶ አትፁም አለው። እምቢ ካልክ መድኃኒቱን ቀንሼ በሱሁርና በማታ እከፋፍልልሃለሁ፣ በሱሁር ገብስና ባቄላ ብላ፣ ስኳርህ ከሰባ ከወረደ ግን የዚያ ቀን ፆም አበቃ አለው። ስለ መርፌውም ዑለማዎችህን ጠይቅ ብሎ ለመነው። ኢስሐቅ እሺ፣ እሺ አለ። ከምክሩ ሁሉ የወሰደው የገብሱን ገንፎ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ረመዳን ገባ። በመጀመሪያው ሱሁር ዚክራ የስኳር መለኪያዋን ይዛ አጠገቡ ስትቀመጥ ተናደደ። አባቱ ታሞም ሆነ ደክሞ አንድ ቀን እንዳላፈረሰ ነገራት። ከዚያም ጣቱን ወደ ሰማይ አንስቶ፣ "ወላሂ፣ ቀን ላይ አንዲት ጠብታ አፌ ውስጥ አስገብተሽ ፆሜን ካፈረስሽብኝ በሦስት ፈትቼሻለሁ!" አላት። ከሁለቱ በቀር የሰማ የለም። የዚህ ዓይነት መሃላ ቤት እንደሚያፈርስ ዚክራ በሁለት እህቶቿ አይታለች። ፈራች፤ በጣም ፈራች።

በሃያኛው ቀን ኮምቦልቻ፣ ታናሽ ወንድሙ ጀላል ቤት ለማፍጠር ተጠሩ። ሚኒባሱ የሀረጎን ጠመዝማዛ ሲወርድ የኢስሐቅ ሸሚዝ ጀርባው ላይ ተጣብቆ አየችው። ግቢው እንደደረሱ ጀላል "አሰላሙ ዐለይኩም" ብሎ ሳይጨርስ ኢስሐቅ ከሙቀጫው ዘነዘናውን ነቅሎ ግንባሩን አለው። ጀላል በደሙ ላይ ወደቀ። ሊገላግል የሮጠውን ጎረቤት ክንዱን ሰበረው። አራት ወንዶች ተረባርበው ጣሉት፤ የዕቃ መጫኛ ገመድ አምጥተው እጅና እግሩን አንድ ላይ ጠፈሩት።

ጂን በመደብደብ የታወቁት ሼህ አብዱልባሲጥ የወይራ አርጩሜያቸውን ይዘው መጡ። ኢስሐቅ ወደ ውስጥ ተወስዶ ሴቶች ከክፍሉ እንዲወጡ ተደረገ።

ዚክራ ማድ ቤት ቆማ አርጩሜው የባሏ ውስጥ እግር ላይ ሲያርፍ ትሰማለች። "ውጣ!" ይላሉ ሼሁ። ኢስሐቅ ይሳደባል፣ ይጮሃል፣ ደግሞ አርጩሜው። ከፊቷ በመግሪብ ሲፈጠር ለሚበላው ጣፋጭ፣ ለሙሸበኩ የተዘጋጀ የስኳር ውሃ በብርጭቆ ተቀምጧል። ካበላችው ባል የላትም፤ ደጋን ከተማ ያለችው እናቷ ደግሞ ያላት አንድ ክፍል ቤት ነው። ካላበላችው እሱ የለም። እንዲህ ያለ ምርጫ ለሰው አይሰጥም ብላ ተናደደች፤ በሱም፣ በሼሁም፣ በራሷም።

ስድቡ ቆመ።

"አልሐምዱሊላህ፣ ወጣለት" አለ አንዱ።

ብርጭቆውን አንስታ በሩን በትከሻዋ ገፍታ ገባች። አርጩሜው አንገቷ ላይ አረፈ፤ አልቆመችም። የታሰረውን ጣት ወግታ ደሙን መለኪያው ላይ አደረገች። ሠላሳ አራት። ግንባሩ በጨርቅ ለተጠመጠመው ጀላል አሳየችው።

"መግሪብ አርባ ደቂቃ ነው የቀረው፣ ታገሺ" አሉ ሼሁ።

"አርባ ደቂቃ የለውም ሼሁ። ፆሙን ካፈረስኩበት በሦስት ሊፈታኝ ምሏል። እኔ እያወቅኩት ነው የማደርገው፤ እርስዎ ዞር ይበሉልኝ።"

ጣቷን ስኳሩ ውስጥ ነክራ ድዱን አሸችው። መንጋጋው ገጠመ፤ ጥርሱ አጥንቷ ድረስ ገባ። ደሟና ስኳሩ በአገጩ ላይ ወረዱ። ጮኸች እንጂ ጣቷን አልነጠቀችውም፤ በሌላኛው እጇ በጉንጩ በኩል መጨመሯን ቀጠለች። ብዙ ከቆየ በኋላ መንጋጋው ላላ። መዋጥ ሲጀምር ቀሪውን አጠጣችው።

ኢስሐቅ ዓይኑን ገለጠ። ገመዱን አየ፤ የወንድሙን ግንባር አየ።

"መግሪብ ሆነ እንዴ?"

ሼህ አብዱልባሲጥ አርጩሜውን ምንጣፍ ሥር ገፋ አድርገው ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አሉ። "ዝም በይ ልጄ። እኔ ነኝ ያፈረስኩበት እለዋለሁ።" አንገቷን የገረፉት እኚህ ሽማግሌ መሆናቸውን ለአፍታ ረስታ ወደደቻቸው።

"ዛሬ ከዋሸነው መሃላው እንዳለ ይቀራል፤ በሚቀጥለው ዓመት ማን ያበላዋል?" አለቻቸው። ከዚያም ወደ ባሏ ዞራ፣ "መግሪብ አልሆነም። ያፈረስኩብህ እኔ ነኝ" አለችው።

ኢስሐቅ የተነከሰውን ጣቷን አይቶ ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ልቅሶ ቀደመው። ሼሁ የደሴ ዑለማዎች ይጠየቁ፣ ለመሃላው መውጫ አይጠፋም አሉ።

"ይጠይቁ" አለች ዚክራ። "እስከዚያው አንድ ጣሪያ ሥር አናድርም።"

ጣቷን አጥባ በሻሽ አሰረችው። ከቦርሳዋ መለኪያውን፣ መርፌውንና ሲስተር አትጠገብ የመድኃኒቱን ልክ የጻፈችላትን ወረቀት አውጥታ ጀላል መዳፍ ላይ አስቀመጠች። የሱሁሩን ልክ፣ የማታውን ልክ ሁለት ጊዜ አስደገመችው። ከዚያ የደጋን ሚኒባስ ሳያመልጣት ጫማዋን አጠለቀች።

"ከሰባ ከወረደ አትጠይቀው፣ አብላው" አለችው በሩ ላይ ሆና። "ቢነክስህም እጅህን አትሰብስብ። አንተ ላይ አልማለም።"